የሊንድበርግ መሰላል የተቀመጠበት ሙዚየም፦ ምን ማየት፣ የትኛውን መዝገብ መጠየቅ

ከኒው ጀርሲ ዋና ከተማ ከትሬንተን ወጣ ብሎ፣ ዌስት ትሬንተን በሚባለው አካባቢ፣ የኒው ጀርሲ ስቴት ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት አለ። በዚሁ ግቢ ውስጥ ያለው የፖሊስ ሙዚየም መግቢያ አይከፈልበትም። ስለ ፖሊሱ ታሪክ የሚያሳየው ብዙ ነገር አለው፤ ሰው ከሩቅ የሚመጣለት ግን አንድ ጉዳይ ነው፦ የአውሮፕላን አብራሪው የቻርልስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ እገታና ግድያ፣ በዚያም ብሩኖ ሪቻርድ ሃውፕትማን የተባለ አናጺ በሞት የተቀጣበት ፍርድ። መሰላሉ እዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ወንበሩም እዚያ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ከ200,000 በላይ ሰነድ የያዘው ቤተ መዛግብት ነው።

አስተያየታችንን ከወዲሁ እንናገር። ኤግዚቢሽኑ ጥሩ ነው፤ ቤተ መዛግብቱ ግን አቻ የለውም። ዕቃዎቹን ብቻ አይቶ የወጣ ሰው መሰላሉንና ወንበሩን በአንድ መስመር አያይዞ፣ ነገሩ ያለቀለት መስሎት ይሄዳል። መዝገቡን ያገላበጠ ሰው ግን ያ የሞት ፍርድ በምን ዓይነት ምስክርነት ላይ እንደቆመ በዓይኑ ያያል። ስለዚህ ለመሄድ ካሰባችሁ ለመዝገቡ ብላችሁ ሂዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን ለማያስታውስ በአጭሩ። ማርች 1፣ 1932 ማክሰኞ ማታ፣ ሆፕዌል አጠገብ ካለው የሊንድበርግ ቤት ፎቅ ላይ የ20 ወር ሕፃን ከአልጋው ተወሰደ። 50,000 ዶላር የሚጠይቅ ደብዳቤ መስኮቱ ጋ ተገኘ። የብሮንክስ ነዋሪ የሆኑት ጡረተኛው መምህር ዶክተር ጆን ኮንደን አገናኝ ሆነው ኤፕሪል 2 ማታ በሴንት ሬይመንድ መካነ መቃብር ገንዘቡን አስረከቡ። ሕፃኑ አልተመለሰም፤ ሜይ 12 ከቤቱ ጥቂት ማይል ርቆ ጫካ ውስጥ አስከሬኑ ተገኘ። ሴፕቴምበር 1934 አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ በተከፈለው የ10 ዶላር የወርቅ ሰርተፊኬት (በወርቅ ይመነዘር የነበረ የወረቀት ገንዘብ) ጠርዝ ላይ የመኪናውን ታርጋ ጻፈ። ታርጋው የሃውፕትማን ሆነ፤ ጋራዡ ሲፈተሽም ከ14,000 ዶላር በላይ የቤዛው ገንዘብ ተገኘ። ሃውፕትማን ገንዘቡን ኢሲዶር ፊሽ የሚባል የንግድ ሸሪኩ ወደ ጀርመን ሲሄድ በጫማ ካርቶን አድርጎ ትቶብኝ የሄደው ነው አለ። ፊሽ ግን ማርች 1934 ላይፕዚግ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞቶ ነበር። ፍሌሚንግተን ላይ የተሰየመው ችሎት ከጃንዋሪ 2 እስከ ፌብሩዋሪ 13፣ 1935 ቆየ። ሃውፕትማን ኤፕሪል 3፣ 1936 በኤሌክትሪክ ወንበር በሞት ተቀጣ።

አሁን ወደ መሰላሉ። ከሌላው ዕቃ ሁሉ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። በሦስት ቁራጭ የተሠራ ነው፤ ቁራጮቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገቡ መኪና ላይ እንዲጫኑ ተደርገው፣ ሲቆሙ ደግሞ በክብ የእንጨት ካስማ እንዲያያዙ ነው የታሰቡት። ሦስቱም ሲቀጣጠሉ 20 ጫማ፣ በሜትር 6 ግድም ይሆናሉ። መርገጫዎቹ በጣም የተራራቁ ናቸው፤ ሰው በአንድ እጁ ሕፃን ይዞ በጨለማ ሲወርድበት ምን እንደሚሆን ለመገመት አናጺ መሆን አያስፈልግም። ቋሚዎቹ የተሰነጠቁት የታችኛውና የመካከለኛው ቁራጭ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሸክሙ የሚበረታው እዚያው መጋጠሚያ ላይ ስለሆነ ስንጥቁን ሳትፈልጉት ታገኙታላችሁ። ሃውፕትማን የራሱ ጠበቃ ችሎት ላይ ሲጠይቀው እኔ አናጺ ነኝ፣ ይህ መሰላል አይመስልም ብሎ የተከራከረው ይህንን አሠራር እያየ ነው።

ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ላይኛው ቁራጭ አሻግሩና ሬይል 16 ተብሎ ቁጥር የተሰጠውን ቋሚ ፈልጉ። የክሱ የጀርባ አጥንት እሱ ነው። በላዩ ላይ አራት የምስማር ቀዳዳዎች አሉበት፤ ክብ ሳይሆኑ ባለ አራት ማዕዘን፣ በድሮ ዓይነት ምስማር የተበሱ። በዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ካለው የመንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ የመጣው የእንጨት ሊቅ አርተር ኬህለር ይህ ጣውላ የተቆረጠው ሃውፕትማን በብሮንክስ ተከራይቶ ከሚኖርበት ቤት፣ ከኮርኒሱ በላይ ካለው ወለል ነው ብሎ መሰከረ። ምስክርነቱን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ ብታዩት ይጠቅማል። አንደኛው የምስማር ቀዳዳዎቹ ከወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ቀዳዳ ጋር መግጠማቸው ነው። ሁለተኛው የእንጨቱ የዕድገት ቀለበት ከቀረው የወለል ጣውላ ጋር መቀጠሉ ነው። ሦስተኛው የሃውፕትማን የእጅ መላጊያ ምላጩ ላይ ያሉት ጥርሶች በጣውላው ጠርዝ ላይ የተዉት ጭረት ነው።

ሦስቱ እኩል ክብደት የላቸውም። ከሁሉ የሚበረታው የቀዳዳዎቹ ነገር ነው፤ ኬህለር አራቱን ቀዳዳዎች ሃውፕትማን ከመያዙ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በሪፖርቱ መዝግቧቸው ነበርና ፖሊስ ኋላ የበሳቸው ናቸው ማለት አይቻልም። ከዓመታት በኋላ እንጨቱን እንደገና የመረመሩ ባለሙያዎችም ኬህለርን ደግፈዋል። ሃውፕትማን ንጹሕ ነበር ብለው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ነጥብ ዘለው ሲያልፉ ማየት ያሳዝናል፤ ጥሩ ክርክር የሚበላሸው እንዲህ ሲደረግ ነው። የዕድገት ቀለበቱ ግን ሌላ ነገር ነው። በሬይል 16ና በወለሉ ጣውላ መካከል ከአንድ ኢንች በላይ የሆነ የጎደለ እንጨት አለ። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ ማየት ስለማይቻል መስመሩ በዚያ ክፍተት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ መገመት ግድ ነው። ፎቶግራፉን ስታዩ ክፍተቱን ፈልጉ።

የጣውላው አገኛኘትም መታወቅ አለበት። ከእስሩ በኋላ ፖሊስ ያንን ቤት ተቆጣጥሮት ነበር። በርካታ መርማሪዎች ኮርኒሱ ላይ እየወጡ ፈትሸዋል። የጎደለው ጣውላ የተስተዋለው ግን ሴፕቴምበር 26፣ ሃውፕትማን ከተያዘ ከሳምንት በኋላ፣ ቤቱ ውስጥ ይቆይ በነበረው የስቴት ፖሊስ መርማሪ ነው። መሰላሉ ራሱ ደግሞ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ሲፈታና ሲገጠም ኖሯል። ተከላካዮቹ በዚህ ምክንያት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ተቃወሙ፤ ዳኛ ትሬንቻርድም መጀመሪያ ከለከሉ፣ ኋላ ግን ፈቀዱ። አሻራም አለ፤ ዶክተር ኢራስተስ ሃድሰን በብር ናይትሬት ዘዴ ከመሰላሉ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጣት አሻራዎችን አውጥቷል። አንዱም የሃውፕትማን አልነበረም። መሰላል በገዛ እጁ መጋዝ ቆርጦ፣ ልጎ፣ ምስማር መትቶ ለሠራ ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ ነው።

የኤሌክትሪክ ወንበሩ ጋ ሰው ሁሉ ይቆማል፤ እኛ ብዙ ቁሙ አንልም። ስለ ጉዳዩ የሚነግራችሁ ነገር የለውም። አንድ ነገር ብቻ አስቡ። የኒው ጀርሲ ገዥ ሃሮልድ ሆፍማን ኦክቶበር 1935 ራሳቸው እስር ቤት ድረስ ሄደው ሃውፕትማንን አነጋገሩ፣ በጃንዋሪ 1936 ደግሞ ፍርዱን ለ30 ቀን አዘገዩለት። ቢናዘዝ ሕይወቱ ሊተርፍ የሚችልበት መንገድ እየታየው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አላደረግሁም እንዳለ ሞተ። ይህ ንጽሕናውን አያረጋግጥም፤ የሰው ልብ ግን ዝም ብሎ አያልፈውም።

የጉዞው ዋና ነገር ቤተ መዛግብቱ ነው። ፋይሎቹ ለሕዝብ የተከፈቱት በ1981 በገዥው በብሬንደን ባይርን ትእዛዝ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፖሊስ እጅ ውስጥ ነበሩ። የሃውፕትማን ባለቤት አናም ያንን ዓመት ነው በኒው ጀርሲ ላይ ክስ የመሠረተችው፤ ክሱ ውድቅ ቢደረግም በ1994 በ95 ዓመቷ እስክትሞት የባሏን ስም ለማጽዳት ከመታገል አላቆመችም። መዝገቡን ለማየት ድንገት መሄድ አያዋጣም፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ ቀጠሮ ያዙ። ስትጽፉም ስለ ሊንድበርግ ጉዳይ ማየት እፈልጋለሁ አትበሉ፤ ይህ ክምሩን በሙሉ አምጡልኝ እንደማለት ነው። የሰው ስም፣ የሰነድ ዓይነትና ቀን ጥቀሱ። የችሎቱን ቃለ ጉባኤ አስቀድሞ ያነበበ ሰው ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ያላነበበ ቀኑን በፎቶግራፍ ያባክናል።

መጀመሪያ የእጅ ጽሑፎቹን ጠይቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሃውፕትማን ጽሑፎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከመያዙ በፊት በራሱ ፈቃድ የጻፋቸው፣ ለምሳሌ ለመኪና ፈቃድ የሞላቸው ቅጾች። ሁለተኛው ከተያዘ በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ፣ ብዕር እየተለወጠ፣ በቃል እየተነገረው እንዲጽፍ የተደረገው ነው። ሃውፕትማን በእነዚህ ላይ ፊደሉን እንዴት አሳስቼ እንድጽፍ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው ብሏል። ስለዚህ የቤዛ ደብዳቤዎቹን ማወዳደር ያለባችሁ መጀመሪያ ከአንደኛው ዓይነት ጋር ነው፤ ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ እዩት። ደብዳቤዎቹ ላይ ጉድ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በጀርመንኛ አጻጻፍ ጉት ያደርገዋል፤ ሲግኔቸር ሲል መሐል ላይ የማያስፈልግ የኤን ፊደል ይጨምራል። ለዐቃቤ ሕግ ስምንት የእጅ ጽሑፍ መርማሪዎች የሃውፕትማን ነው ብለው መስክረዋል። ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኛ እንደጻፈው ምንም አያጠራጥርም፤ ግን በዚያ ዘመን ብሮንክስ ውስጥ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ስንት እንደነበር ጁሪው (ፍርድ የሚሰጡት ተራ ዜጎች) አልተነገረውም።

ቀጥሎ የዓይን ምስክሮቹ። እዚህ ላይ ነው መዝገቡ ዋጋውን የሚያወጣው። ሃውፕትማንን ኒው ጀርሲ ላይ ከወንጀሉ ቀን አካባቢ አየሁት ያለው ሚላርድ ዋይትድ በ1932 ለፖሊስ የሰጠው ቃል ምንም አጠራጣሪ ሰው አላየሁም የሚል ነበር። አማንደስ ሆክሙት የ87 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ፤ በመንግሥት የእርዳታ መዝገብ ላይ የዓይናቸው ነገር በከፊል ዕውር ተብሎ ተጽፏል። መኪና ውስጥ ለቅጽበት ያዩትን ፊት ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ለይተዋል ተብሎ ግን ለሞት ፍርድ በቃ። የሁለቱንም የመጀመሪያ ቃል ከችሎቱ ቃል ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ።

የዶክተር ኮንደንንም እንዲሁ አድርጉ። ከገንዘብ ተቀባዩ ጋር በመካነ መቃብር ፊት ለፊት የተነጋገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሴፕቴምበር 1934 ሃውፕትማን ከሌሎች ሰዎች ጋር ተሰልፎ ሲቀርብላቸው እሱ ነው ለማለት አልደፈሩም። ጃንዋሪ ላይ ፍሌሚንግተን ሲቆሙ ግን ምንም ጥርጥር አልነበራቸውም። ሊንድበርግም መኪና ውስጥ ሆኖ ከሩቅ የሰማው ዶክተሩን የሚጠራ አጭር ድምፅ ነው። ለብሮንክስ ግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለውን ለሚወስነው የዜጎች ጉባኤ) ሰውን በዚህ ድምፅ መለየት ከባድ እንደሚሆንበት ተናግሮ፣ ችሎቱ ላይ ግን የሃውፕትማን ድምፅ ነው አለ። የተናገረው ሀገር የሚያከብረው የሟቹ ሕፃን አባት ነው። ያንን ቃል የሚጠራጠር ጁሪ ከየት ይመጣል?

ከሃውፕትማን ቤት ቁም ሣጥን የተነቀለው እንጨት የሚባለውም አለ፤ የኮንደን ስልክ ቁጥር በእርሳስ የተጻፈበት። ዐቃቤ ሕግ ትልቅ መሣሪያ አድርጎታል። በኋላ ዘመን አንድ የጋዜጣ ሰው ለወሬ ብሎ ራሱ ጽፎታል የሚል ምስክርነት ወጥቷል። ይህ ጽሑፍ በመዝገቡ ከተያዙት ማስረጃዎች ሁሉ ክብደት ሊሰጠው የማይገባ ነው ብለን እናምናለን።

ጊዜ ካጠራችሁ ግን የገንዘቡን ፋይል አትዝለሉት። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የወርቅ ሰርተፊኬት እስከ ሜይ 1፣ 1933 ተመላሽ እንዲደረግ ባዘዙበት የመጨረሻ ቀን፣ አንድ ሰው ኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ገብቶ 2,980 ዶላር የቤዛ ገንዘብ በአዲስ ብር ለውጦ ወጣ። ቅጹ ላይ ጄ ጄ ፎልክነር ብሎ ፈረመ። ያ ሰው እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ አልታወቀም። ሃውፕትማን ብቻውን አደረገው የሚለው ክስ ለዚህ ሰው ቦታ የለውም፤ እኛን የሚከነክነንም ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ምን ይላል? ገንዘቡ ጋራዡ ውስጥ ነበር፤ ከቤዛው ወንጀል ጋር ንክኪ አልነበረውም ማለት አይቻልም። መሰላሉን ስለመሥራቱም እንጨቱ አብዝቶ ይመሰክርበታል። በዚያች ማታ ከፎቅ ወጥቶ ሕፃኑን በእጁ ገድሏል የሚለው ግን ሌላ ክስ ነው፤ ለእሱ የቀረበው ሆክሙትና ዋይትድን የመሰለ ምስክር ነው። ሕጉም ተለጥጧል። በጊዜው በኒው ጀርሲ ሕግ እገታ ብቻውን ግድያውን ወደ ሞት ቅጣት የሚያደርስ ስላልነበረ፣ ዐቃቤ ሕግ ዴቪድ ዊለንትዝ ክሱን በሌሊት ቤት ሰብሮ መስረቅ ላይ አቆመው፤ የተሰረቀው ንብረት ሕፃኑ የለበሰው የሌሊት ልብስ ነበር። ችሎቱ ሲከፈት ሕፃኑ መሰላሉ ሲሰበር ወድቆ ሞተ ያለው ዊለንትዝ፣ መዝጊያ ንግግሩ ላይ እዚያው አልጋው ውስጥ ተመትቶ ተገደለ ወደሚል ዞረ። ተከላካይ ጠበቃው ኤድዋርድ ራይሊ ደግሞ የአስከሬኑን ማንነት ሳይከራከርበት ተቀበለ። ስምንት ወንዶችና አራት ሴቶች ያሉበት ጁሪ 11 ሰዓት ያህል መክሮ የሞት ፍርዱን አመጣ። በዚህ ማስረጃና በዚህ አካሄድ የሞት ፍርድ መሰጠት አልነበረበትም፤ አቋማችን ይህ ነው።

ሙዚየሙ ላይ ያለን ቅሬታ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከተፈጥሮው የመጣ ነው፤ ማስረጃውን የሚጠብቀው ምርመራውን ያካሄደው ተቋም ራሱ ነው። ዶክተር ሃድሰን ያወጣቸው አሻራዎችና የፎልክነር ቅጽ ከመሰላሉ እኩል ፊት ለፊት ቢቀመጡ እንመርጥ ነበር። ሁለተኛው የዘረመል ምርመራ ነው። የቤዛ ደብዳቤዎቹ ፖስታና ቴምብር በምራቅ የታሸጉ ከሆነ ዛሬ ሊነግሩን የሚችሉት ነገር አለ። ተመራማሪዎች ይህን ጠይቀው ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል፤ ስቴቱ ግን ሰነዶቹ እንዳይጎዱ ሲል ተቃውሟል። ሥጋቱ ይገባናል፤ ወረቀቱ ከ90 ዓመት በላይ የሆነው ነው። ቢሆንም ሰው የተገደለበት ማስረጃ ነውና ጥቂት ቴምብር መሥዋዕት ቢሆን አይበዛም እንላለን።

ለጉዞው። ከዋሽንግተን ዲሲና ከሜሪላንድ የምትነሱ የሀገር ልጆች በመኪና በአይ 95 ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጠዋት በባልቲሞር በኩል ያለውን መጨናነቅ አስቡበት። በባቡር አምትራክ ትሬንተን ያቆማል፣ ከዚያ ታክሲ ያስፈልጋል። ከፊላደልፊያ የሚነሳ ሰው በሴፕታ የዌስት ትሬንተን መስመር መጠቀም ይችላል። ቦታው የፖሊስ ግቢ ስለሆነ መታወቂያ ያዙ፤ የመክፈቻ ቀንና ሰዓቱን ሳትደውሉ አትነሡ። ቅጂ ከፈለጋችሁ ዋጋውንና ስንት ቀን እንደሚወስድ በዚያው ስልክ ጠይቁ። ትንንሽ ልጆችን ባትወስዱ ይመረጣል፤ የሟቹ ሕፃን ነገርና ወንበሩ አንድ ላይ ለልጅ ከባድ ነው።

ቀን ከተረፋችሁ በመንገድ 31 ወደ ሰሜን ፍሌሚንግተን ውጡ፤ ከዌስት ትሬንተን 20 ማይል ያህል ነው። ችሎቱ የተካሄደበት በ1828 የተሠራው ፍርድ ቤት ሜይን ስትሪት ላይ ቆሟል፣ ጁሪው ያድርበት የነበረው ዩኒየን ሆቴል ፊት ለፊቱ ነበር። በችሎቱ ሰሞን በዚያ መንገድ ላይ ትንንሽ የእንጨት መሰላሎች ለማስታወሻ ይሸጡ ነበር። በሩና ሆቴሉ በነበረበት ቦታ መካከል ያለውን ጥቂት እርምጃ ተራመዱት፤ ጁሪው በየቀኑ በስንት ሰውና በስንት ጩኸት መካከል ያልፍ እንደነበር የሚገባችሁ ያኔ ነው። የሊንድበርግ ቤት ግን ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ እዚያ ለመድረስ አትድከሙ።

ቤተ መዛግብቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉትና የሚላርድ ዋይትድን የ1932 ቃልና የችሎቱን ምስክርነት በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀርቡ።